ተናጋሪዎቹ ቁልፎች

ማብራራት የማይጠግብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሴቻ ሰፈር ውስጥ ከአንዱ፣ ከተስፋሁን ጋር ቢሮ እጋራለሁ። ለመዝገብ ቤታችን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠራ፣ ማውሱ በተጠጋ ቁጥር ብቅ የምትል ማብራሪያ ስክሪኑ ላይ ባለው በየቁልፉ ለጠፈ። «ጤና ይስጥልኝ፤ እኔ የማስቀመጫ ቁልፍ ነኝ» ብላ ጀምራ ግማሽ ገጽ የምትሞላ!

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረበት ጠዋት የባለጉዳይ ሰልፍ አስፋልት ደረሰ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አማረች ግን ስክሪኑን እያዩ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«እትዬ፣ ይጫኑት እንጂ!» አለ ተስፋሁን በላብ ተጠምቆ።

«እየተናገረ እንዴት ላቋርጠው ልጄ? ነውር አይደለም?»

ተስፋሁን ወዲያው ማብራሪያዎቹን ሁሉ ወደ ሁለት ሁለት ቃል አሳጠራቸው፤ ሰልፉም ቀለጠ። ወይዘሮ አማረች ግን ከፍቷቸው ወደ እኔ መጡ።

«ቁልፉን ምን አስቀይሜው ነው? ሰላም እንኳ አላለኝም።»