ለኪውን ማን ይለካቸዋል?

ሰው መለካት አይወድም። እኔ ጭሮ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝና አውቀዋለሁ፤ ሜትሬን ሳወጣ ሆዱን ሳብ የማያደርግ፣ ትንፋሹን የማይውጥ ደንበኛ አላየሁም። እናንተም ብትሆኑ ያው ናችሁ።

ጎረቤቴ ኦቦ ሙሜ የሚለኩት ሰው ግን ሆዱን አይስብም። መቃብር ቆፋሪ ናቸው። ሰው ሲሞት ገመዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ከራስ እስከ እግር ይዘረጉታል፣ ቋጠሮ ያስሩበታል፣ ይሄዳሉ። ከሂርና ከተማ እንኳ ሰው ተልኮ ይጠራሉ። ያ ገመድ ከኪሳቸው ብቅ ሲል ያየ ጤነኛ ሰው ባጃጅ ተኮናትሮም ቢሆን ይሸሻል።

እኒህ ሰው ልባቸው ታመመ። ልጅ ስለሌላቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ድረስ አብሬ ሄጄ አስታማሚያቸው እኔ ሆንኩ። ሐኪሟ አስረዳችን፦ ቀጭን ቱቦ በእጅ አንጓ ገብቶ እስከ ልብ ይሄዳል፣ የተደፈነውን ይከፍታል፤ አስቀድሞ ግን የአንጓው ደም ስር ስፋት መለካት አለበት።

"መለካት" ሲባል ኦቦ ሙሜ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

"እኔ የለካሁት ሰው ተነስቶ አያውቅም" አሉኝ በጆሮዬ።

በስንት ልመና እጃቸውን አወጣን። ወላሂ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ሐኪሟ የአልትራሳውንድ መሣሪያዋን አንጓቸው ላይ ስታሳርፍ ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ክብ፣ ደም ስራቸው፣ ትር ትር ትላለች። ሐኪሟ "ልለካ ነው" ከማለቷ ክቧ ጠበበች። ግራ እጃቸውን ሞከረች። እዚያ ያለችውም የሰማች ይመስል፣ ዓይናችን እያየ ተሸማቀቀች።

"ሲፈሩ ይኮማተራል፤ እንዲህ ከሆነ ቱቦው አያልፍም" አለች ሐኪሟ። በብሽሽት በኩል ይሁን ሲባሉ "አዑዙ ቢላህ!" ብለው ተቆጡ። ካልተከፈተ ደግሞ ልባቸው ብዙ እንደማይቆይ ነግራናለች።

ጨነቀኝ። ሜትሬ ከአንገቴ አይለይምና አውልቄ አንጓቸው ላይ ጠመጠምኩት።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"የዒድ ሸሚዝ ልሰፋልዎ ነዋ! እጅጌው ጠበብ ይበል ወይስ ሰፋ?"

ትንሽ አሰቡ። "ሰፋ ይበል፤ ለሶላት ውዱእ ሳደርግ፣ ስታጠብ ስሰበስበው እንዳያስቸግረኝ" አሉ።

ስለ ኪሱ፣ ስለ ቁልፉ ስንከራከር ሐኪሟ ቀስ ብላ መሣሪያዋን አንጓቸው ላይ አሳረፈች። ክቧ ተከፍታለች። ቱቦው ገባ። አልሐምዱሊላህ።

ጭሮ ከተመለስን በኋላ ሸሚዛቸውን ሊወስዱ መጡ። እኔም እንደ ወጉ ከማሽኔ ተነስቼ ተቀበልኳቸው። ለበሱት፣ እጅጌውን ሰብሰብ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ከራሴ እስከ እግሬ ቀስ እያሉ ተመለከቱኝ።

"ውለታህን እኔም በሙያዬ እመልሳለሁ" አሉኝ ከልባቸው። "ላንተ ገመድ አያስፈልግም፤ በዓይኔ ይዤሃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ እሳቸው በሱቄ ሲያልፉ አልነሳም። ሰፈሩ "ለሽማግሌ የማይነሳ ባለጌ" እያለ ያማኛል። ይማኝ። ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ።