የ«ሙት ባትሪ» ታሪክ ጠባቂ

በዚህ ዓለም ላይ ማንኛውም ነገር ሲጀመር እዚያ የነበረ አንድ ሰው አለ። እናንተ ዘግይታችሁ ነው የደረሳችሁት። ጥፋታችሁ ባይሆንም እስክትሞቱ ይነገራችኋል።

የእኛዋ ከተማ የካናዳዋ ዊኒፔግ ድርሻ ክቡር ኦረስት ናትዩክ ናቸው። በሙያቸው የቧንቧ ሠራተኛ፣ በማዕረጋቸው የ«ሙት ባትሪ» ፐንክ ሮክ ባንድ ጊታር መቺና ታሪክ ጠባቂ። ባንዱ የዛሬ አርባ ዓመት በእናታቸው ምድር ቤት፣ በድንች ከረጢትና በጎመን በርሜል መሃል ተወለደ። ስሙም የወጣለት ያን ዕለት ጠዋት መኪናቸው በብርዱ አልነሳም ስላለች ነው። አራት ዓመት ኖረ፤ አንድ ሸክላ አሳተመ፤ ዘጠኝ ከበሮ መቺ ፈጀ። ሰባተኛው እኔ ነኝ። ሊቁ ኦረስት ግን ለሰው ሲያስተዋውቁኝ፣ «ይሄ ጥሩው ዘመን ካለፈ በኋላ የመጣ ነው» ይላሉ። የመጣሁት ባንዱ በተመሠረተ በሁለተኛ ዓመቱ ነው።

የፈረሰውም በመጠጥ ወይም በገንዘብ ጠብ እንዳይመስላችሁ። ዘፋኛችን ዳርሊን ኩዚክ ለጋዜጣ ፎቶ ስትነሳ ፈገግ አለች። ሊቁ ጋዜጣውን ገልጠው አዩና ጊታራቸውን ሳጥን ውስጥ ከተቱ። ፐንክ ለጋዜጣ አይስቅም ነው ነገሩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ታሪክ መጠበቅ ሆነ። የሰው ቧንቧ እየጠገኑ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሳይወጡ፣ አምስተኛው ከበሮ መቺ ለምን እንደተባረረ ከነዝርዝሩ ይተርካሉ። የቤቱ እመቤትም ውሃው እስኪመጣ የትም ስለማትሄድ ትሰማለች።

ባለፈው ጥር ዳርሊን ደወለች። በመጋቢት ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው፤ ሐኪሞቹም ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብለዋታል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ከእኛ ጋር መዝፈን ትፈልጋለች። ሊቁ «የሞተ ባንድ መቀስቀስ ነውር ነው» ብለው እምቢ አሉ። ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠናናቸው። በመጨረሻ እሺ ሲሉ፣ «ፖስተሩን በድሮው ሥርዓት እኔ ነኝ የምሠራው» አሉ። በድሮው ሥርዓት ፊደሉ ከጋዜጣ ይቀደዳል፣ ፎቶኮፒ ይደረጋል፣ በሙጫ ይለጠፋል፤ አድራሻ ግን አይጻፍበትም። የሚገባው ሰው ቦታውን ያውቃላ። ድሮስ እውነት ነበር፤ ሁላችንም የምንሰበሰበው በአንዱ የዩክሬን ስደተኞች አዳራሽ ነበር። ዛሬ ግን ከሚያውቁት ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ብርዱን ሸሽተው ቫንኩቨር ገብተዋል።

ስልሳውም ፖስተር ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ዳርሊን አንዱን አየችው።

«ኦረስት፣ ቦታው የታለ?»

«የሚያውቅ ያውቃል።»

«የምናውቀው እኮ እኛው ነን፣ አንተ ሰውዬ። ላንተ ብቻ ልዝፈንልህ?»

ሊቁ ፖስተሩን ትክ ብለው አዩና ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ሳይከራከሩ ሲሄዱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ በሆነ ብርድ፣ አንድ ሰው የመብራት ምሰሶ ታቅፎ ቆሟል። ኦረስት ነበር። በየፖስተሩ ላይ የዩክሬኖቹን አዳራሽ አድራሻ በእጁ ይጽፋል። የብዕሩ ቀለም ስለረጋበት የሚጽፈው በእርሳስ ነው። «መንገዱን ለማያውቁት ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። አርባ ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ የቀሩትን ተካፈልን።

በዝግጅቱ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መቶ ሃያ ሰው መጣ። ግማሹ ባንዱ ሲፈርስ ገና አልተወለደም። በጓዳ በኩል ፒሮጊ የሚሉትን በድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ የሚሸጡት አሮጊቶች ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ገበያቸውን ቀጠሉ። የዳርሊን ድምፅ ሻክሯል፤ አዳራሹን ማንቀጥቀጡን ግን አልተወም። በሦስተኛው ዘፈን መሃል ኦረስት ቀጥ አለ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ሲተነትነው የኖረው ዘፈን ጠፋበት። እኔም ከበሮዬን አቆምኩ። አሁን ምን ሰበብ ያመጣ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ወደ ዳርሊን ዞረ።

«ጠፋብኝ። እንዴት ነበር?» አላት።

አጠገቡ ሄዳ ቀስ ብላ አዜመችለት፤ እሱም ጣቶቹን እያየ ተከተላት። ይህን አፈኛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወደው ያን ጊዜ ገባኝ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁና፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ከመጀመሪያው አስጀመርኳቸው።