ጉራቻ የማን ነው?

ሰው ስንቱን «የኔ ነው» ይላል! መሬቱን፣ ወንበሩን፣ የጎረቤቱን አጥር ሳይቀር። ሮቤ ውስጥ ግን «የኔ ነው» ባይ ያጣ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ውሻ። ለምን በሉኛ? ውሻ ሲነክስ ተጠያቂው ባለቤቱ ነዋ! ብልህ ሰው አጥንቱን ይወረውርና ዞር ይላል።

እኔ ከሆሳዕና መጥቼ እዚህ ጫማ የምሸጥ ሰው ነኝ። ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ የባዘኑ ውሾችን ከሚያድኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ገባሁ። አለቃችን ጫልቱ የእንስሳት ሐኪም ናት። እሷ መርፌ ትወጋለች፣ እኔ ጭንቅላት እይዛለሁ። ጥርሱ በማን በኩል እንደሆነ ልብ በሉልኝ!

ያን ሰሞን ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሊወገዱ ነው ተባለ። የሚተርፈው ተከትቦ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ያለው ብቻ ነው። ጫልቱ ደግሞ «የኔ ነው» የሚል ሰው ካልመጣ ማሰሪያ አትሰጥም። እኔን አንጀቴን የበላኝ ጉራቻ ነው። ጥቁር፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ እህል ነጋዴው ሐጂ ከድር በር ላይ የሚያድር ውሻ። ሐጂን ብጠይቃቸው፣ «አስተግፊሩላህ! እኔ ውሻ የለኝም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ጉራቻ እፊታቸው አጥንት ይቆረጥማል። አጥንቱ ከማን ቤት የወጣ መሰላችሁ? ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ጉራቻ የሚጮኸው ደግሞ እዚያ በር ላይ ብቻ ነው። በአንዲት ቃል እጦት ሊሞትብኝ ሆነ።

ተንኮል መጣልኝ። በማግስቱ ሐጂ መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ለጫልቱ፣ ከጎሮ የመጣ አንድ ከብት ነጋዴ ጉራቻን ሊወስደው ገመድ ሊያመጣ ሄዷል አልኳት። ሐጂ ብድግ!

«የማንን ውሻ ነው የሚወስደው? ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሌባ ሲመጣ አንተ ልትጮህልኝ ነው?»

«ታዲያ ውሻው የርስዎ ነዋ?» አልኳቸው።

ሐጂ ጉራቻን አዩት፣ እሱም አያቸው። በመጨረሻ ለሐጩ ልብሳቸውን እንዳይነካው ሰብሰብ እያደረጉ፣ «እሺ፣ የኔ ነው» አሉ። ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ጫልቱ ወጋችው፣ እኔም ማሰሪያውን በገዛ እጄ አሰርኩለት። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ያ ክፉ ሰሞን አለፈ፣ ጉራቻም ተረፈ። አንድ ጠዋት ያዳንኩትን ውሻ ልይ ብዬ በሐጂ በር ብቅ ብል፣ ጉራቻ ሆዬ መርፌውን አልረሳም ኖሮ ዘሎ ሱሪዬን ከኋላ ቦጨቀው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ በኔ ሱሪ የገባው የሮቤ ብርድ ነው። በአንድ እጄ ኋላዬን ይዤ ሐጂ ዘንድ አቤት አልኩ።

ሐጂ ሱሪዬን አዩ። ውሻውን አዩ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ ያንን ቀይ ነገር አንገቱ ላይ ማን እንዳሰረለት ጠየቁኝ።

«እኔ ነኛ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እንግዲያውስ፣ ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ በርኅራኄ፣ «ውሻህን ያዝልን።»