የሳይድ ቢው ድምፅ

(ጎፋ፣ 1989 ዓ.ም.። «የጎፋ ነጎድጓድ» የተባለው የፓወር ፖፕ ባንድ የመጀመሪያ ካሴቱን ካወጣ ገና ሳምንቱ ነው። ዘፋኙና ጊታር መቺው ሱልጣን ጋዜጣ፣ ድራመሩ ደምሰው የካሴቱን ሽፋን ይዘው ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።)

ደምሰው፦ እኔ እኮ የምልህ፣ አንተ ሽፋኑ ላይ ከነጫማህ ወጥተህ የእኔ ጆሮ ብቻ ለምን ይወጣል?

ሱልጣን፦ ለሙዚቀኛ ዋናው ጆሮ ነው።

ደምሰው፦ እናቴ በጆሮዬ አላወቀችኝም።

ሱልጣን፦ አቦ ፋራ አትሁን! ጋዜጣ ላይ ወጣን እያልኩህ ጆሮ ትለኛለህ? ሃያሲው ያለውን ስማ! «ሳይድ ኤ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች ጫጫታ ነው።»

ደምሰው፦ ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?

ሱልጣን፦ ላንተ መጥፎ ነው። ድንጋዩ ያንተ ድራም ነው።

ደምሰው፦ ቆርቆሮውስ የማን ነው?

ሱልጣን፦ አታቋርጠኝ! «ሳይድ ቢ ግን ጉድ ነው! ጊታር የለ፣ ድራም የለ፣ ድምፅ ብቻ። እንደ እናት የሚራራ፣ እንደ እናት የሚቆጣ!» እኔን ነው!

ደምሰው፦ ሳይድ ቢ ላይ እኮ ክንዴ እስኪዝል ነው የደበደብኩት።

ሱልጣን፦ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎሃል። ነፋስ ስልክ ያለው ሆቴልም «የሳይድ ቢውን ድምፅ ቅዳሜ እንፈልገዋለን» እያለ ነው አሉ። እንዳይከፋህ ደሜ፣ ቅዳሜ ድራም የለም።

ደምሰው፦ አባረርከኝ?

ሱልጣን፦ እኔ አይደለሁም፤ ሃያሲው ነው።

ደምሰው፦ ስድስት ወር በባልዲ ተለማምጄ! እሺ... ሌላስ ምን ይላል?

ሱልጣን፦ «‹ቆጮው ደርሶኛል፣ ግን ስስ ነው› የምትለዋ ስንኝ አስለቅሳኛለች።»

ደምሰው፦ እሷን መቼ ዘፈንካት?

ሱልጣን፦ (ጉሮሮውን እየጠራረገ) ስቱዲዮ ውስጥ ድንገት የመጣችልኝ ናት። አንተ ሳምቡሳ ልትበላ ወጥተህ ነበር።

ደምሰው፦ ምን ማለት ናት?

ሱልጣን፦ ቆጮው ሕይወት ነው። ይከብድሃል፣ ተወው። «‹ልጄ ጊታር ታቅፎ ይውላል፤ ዳቦ ግዛ ቢሉት አይሰማም› የሚለውማ ለዘመኑ ወጣት ልክ ልኩን የነገረ ነው!»

ደምሰው፦ ለሃያሲው የሰጠኸው የታተመውን ካሴት ነው?

ሱልጣን፦ ሳይታተም ቀድሜ ነው የሰጠሁት! እማዬ ቁም ሳጥን ላይ ካሴት አገኘሁ። እንዳይቀዳበት ጥርሱ ተሰብሯል። ወረቀት ወተፍኩና ቀዳሁበት። ብልሃት ማለት ይሄ ነው!

ደምሰው፦ ሁለቱንም ሳይድ?

ሱልጣን፦ ኤውን ቀዳሁ። ቢውን ልጀምር ስል መብራት... (ድምፁ እየሰለለ) መብራት ሄደ።

ደምሰው፦ እናትህ እማማ ቀመሪያ ቡታጅራ ላሉት አክስትህ በድምፃቸው የቀዱት ደብዳቤ ጠፍቶባቸው ቤቱን ሲያምሱ ነው የከረሙት።

ሱልጣን፦ (ጋዜጣውን ፊቱ ላይ እየከደነ) ወላሂ አለቀልኝ! ሃያሲው ያለቀሰው በእማዬ ቆጮ ነው?

ደምሰው፦ የሆቴሉ ሰው ካሴቱን ከሃያሲው ተውሶ ሰምቶ ዛሬ ጠዋት ቤታችሁ መጥቶ ነበር፤ እናትህ ገና «ማነው?» ሲሉ ድምፁን ለየው። ቅዳሜ መድረክ የሚወጡት እሳቸው ናቸው፤ እሺ ብለዋል።

ሱልጣን፦ ይሄን ሁሉ እያወቅክ ነው የምታስለፈልፈኝ? እሺ ይሁን፣ ጊታር ያስፈልጋታል!

ደምሰው፦ ጊታር እቤትም ሰልችቶኛል ብለዋል። ድራመር ግን ይዘዋል። «ይሄ ልጅ ዳቦ ግዛ ሲሉት ይሰማል» ብለው። (የድራም ዱላዎቹን ከኪሱ አውጥቶ ይነሳል።)

ሱልጣን፦ (እየተከተለው) ደሜ! ወንድሜ! ፖስተሩ ላይስ? ፖስተሩ ላይም የለሁም?

ደምሰው፦ ለምኜልሃለሁ። ጆሮህ ይወጣል።