በታሸገ ውሃ ያደገ አደይ

አገሩ ሳለ ሲረግጠው የኖረውን አበባ ጅቡቲ ገብቶ የሚያሞላቅቅ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝና ችግኙንም አፈሩንም ከሱሉልታ ጭኜ ያመጣሁለት እኔው ነኝ፤ ሞኝ!

ሰውየው ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ የሀብታሞች ሰፈር ቪላ የተከራየ ትራንዚተር ነው። እኛ አገር በየቦዩ ዳር ማንም ሳይተክለው በያመቱ የሚበቅለውን አደይ አበባ ጃንጥላ ዘረጋለት። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል ብሎም በቀን ሁለት ጠርሙስ የታሸገ ውሃ መደበለት። ለዘበኛው ለጋሽ መሐመድስ? እሳቸውማ ከቧንቧው ይጠጡ፤ ለምደውታል!

ለእንቁጣጣሽ ሰውየው እኛን ሾፌሮቹን ቤቱ ጠራን። አበባው ጉድ በሚያሰኝ ሁኔታ ፈክቷል።

"እንክብካቤ ማለት ይሄ ነው!" አለ ደረቱን ነፍቶ። "ከታሸገ ውሃ በቀር ጠብታ አልቀመሰም።"

ሥራ የሚሰጠን እሱ ነውና አጨበጨብን።

ስወጣ በሩ ላይ፣ "ጋሽ መሐመድ፣ ጥሩ አጠጥተውታል" አልኳቸው።

ግራ ቀኛቸውን ቃኙ። "ወላሂ ልጄ፣ እሱ የጠጣው የቧንቧውን ነው። የታሸገውን እኔ ነኝ የጠጣሁት።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። እውነትም እንክብካቤው ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።