ጠፍጣፋው ወይስ ሹሉ?

የሚያማርጥ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። የለብንም የሚል ካለ፣ የሚያማርጠው ራሱ ነው። ለእኛ የደረሱን የእህቴ ባል፣ የተከበሩ የታላቁ ምርጫ ሊቀመንበር ናቸው፤ ካልሲ ለመግዛት ሦስት ቀን የሚፈጅባቸው።

ነገሩ ቀላል ነበር። እህቴ ከሐይቁ ማዶ ታስተምራለች። ማመላለሻው ጀልባ ከተበላሸ ወዲህ ሐይቁን በአውቶቡስ ስትዞር በቀን ስድስት ሰዓት ይበላባታል። ስለዚህ ትንሽ የሞተር ጀልባ ይገዛ ተባለ። ሻጩ ዘንድ ሁለት ተገኙ፤ አንዱ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ሆዱ እንደ መጥረቢያ የሾለ። ጠፍጣፋው ሲቆሙበት አይዋልልም፤ ማዕበል ሲመጣ ግን አጥንት ያላላል። ሹሉ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፤ ሲቆም ግን እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። በቃ፣ አንዱን ማንሳት ነው!

ስምንት ወር ፈጀ።

«አትቸኩዪ እህት ዓለም፣ ጥናት ላይ ነኝ» ይሉኛል ሊቀመንበሩ። ጥናታቸውን ልንገራችሁ። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው፣ ሐኪሙን ስለ ጀልባ ሆድ ጠይቀው ጠይቀው ጤነኛውን ጥርስ አስነቀሉት። ደም እየተፉ የነገሩኝ ምን መሰላችሁ? «ሐኪሙ ሹሉን መርጧል።»

አንድ እሑድ ደግሞ ጠፍጣፋውን ሊሞክሩ አልጋቸውን ሁለት የተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ጭነው ቤተሰቡን በሙሉ አሳፈሩን። «ማዕበል!» ብለው ሲጮኹ አሮጊቷ አክስታችን ተንከባለው ቁም ሳጥኑ ሥር ገቡ።

«አክስቴ ሰመጡ» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

«ምን አግብቶኝ ነው መኝታ ቤት ውስጥ የምሰምጠው?» አሉ አክስታችን ከቁም ሳጥኑ ሥር።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰው፣ እህቴ መንገድ ላይ እያረጀች ነው!» አልኩ። ጭራሽ «ጠፍጣፋው ላይ ስንት ሰው ወደቀ?» ብለው ጠየቁኝ።

በመጨረሻ እህቴ ራሷ ሻጩ ዘንድ ሄዳ ለበሩ የቀረበውን ገዛች። ጠፍጣፋው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሊቀመንበሩ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ሐይቁ ዳር ቆመው አገኘኋቸው።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነው?»

«አብሬያት ልሄድ።»

«ዋና ትችላለህ እንዴ?»

«እሷም አትችልም፣ እኔም አልችልም።»

«ታዲያ ምን ልትረባት ነው?»

«ብቻዋንማ አትሰምጥም!»

ስምንት ወር ያጠራቀምኩትን ስድብ ትቼ ጀልባዋን ገፋሁላቸው። መሐል ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የእህቴን ቀሚስ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ሄደ።

እህቴ እሱን ለማግባት ስትወስን አንድ ሳምንት አልፈጀባትም። ያኔ «ምን ያስቸኩልሻል?» ብዬ ጮኼባት ነበር። አፌን በቆረጠው።