ዐሥራ ዘጠኝ ፕለጊንና አንዲት «ጭር»

በሰበታ ጡረተኞች መካከል ኮምፒውተርን ያለ አስተማሪ የቻልኩ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ የመንገድ ወሬ የሚነበብበትን ብሎግም የከፈትኩት እኔው ነኝ። ለመሆኑ ፕለጊን የሚባለውን የብሎግ ተቀጥላ ያገኘውን ሁሉ የሚጭን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ኦቦ ገመቹ እንደዚያ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ጭኗል! የጨረቃን ዕድሜ የሚቆጥር ፕለጊን ለሰበታ ምን ይሠራል?

በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን አንድ ጠዋት የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፤ ተኩስም ተሰማ። እኔም «መንገዱ ጭር ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው በዚያው መንገድ ላይ ካለችው ከተጂ ከተማ ጤፍ ነጋዴው ቶሎሳ ደወለ።

«ጋሼ፣ ልጆቼን ይዤ ወደ ሰበታ ልነሳ ነው። ‹ከራን ነጋ ዳ› ብለው ጽፈው የለ!»

በኦሮምኛ «መንገዱ ሰላም ነው» ማለት ነው። ለካ አንዱ ፕለጊን ጽሑፌን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ ጭርታውን ሰላም አድርጎታል!

«እንዳትነቃነቅ!» አልኩት። ሌላው አንባቢስ?

«ገመቹ፣ የሚተረጉመው የትኛው ነው?»

«እኔንጃ ኦቦ፣ አንድ በአንድ እያጠፋሁ ልየው።»

ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ፣ አንድ በአንድ?

ያን ጠዋት የሠራሁት ይኸው፦ ዐሥራ ዘጠኙንም ምልክት አድርጌባቸው በአንድ ጠቅታ አጠፋሁ። «ተዘግቷል፣ አትምጡ» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ በገዛ እጄ ጻፍኩ። የሚያስፈልጉንን ሦስቱን ብቻ እየፈተሽኩ መለስኩ፤ ጨረቃዋን ገመቹ ቢለምነኝም እምቢ አልኩ። ቶሎሳን ከነልጆቹ ተጂ አዋልኩ። «ጭር» የምትለዋን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ጽፌያት አላውቅም።